እትዬ ጠብታ ያልጠጣችበት ቧንቧ

በዚያ ሰፈር ቧንቧ ተሠራ የሚባለው ውሃ ሲወርድ አይደለም። ውሃማ ለአንድ ቀን ማንም ያወርደዋል። ተሠራ የሚባለው እትዬ ጠብታ ሰማያዊዋን የብረት ኩባያ ከቀበቶዋ ፈትታ፣ ከአዲሱ ቧንቧ ሞልታ፣ ባለቤቱ እያየ ጭልጥ ስታደርጋት ነው። ከዚያ አፏን በእጅጌዋ ትጠርግና «በሉ፣ ከእንግዲህ የናንተ ነው» ትላለች። ሳትጠጣ ከሄደች ሰው እጁንም አይታጠብበት፤ ነገ ተመልሳ ትመጣለች ማለት ነው።

ጠብታ የወጣላት ስም ነው። እንግድነት ሄዳ እንኳ ከጓዳ በኩል ጠብ... ጠብ... የሚል ነገር ከሰማች በቃ፣ ወሬው አይጥማትም፣ ምግቡም ከጉሮሮዋ አይወርድም። አንዴ የጎረቤት ሙሽሮችን ልትመርቅ ተነስታ ምርቃቱን ግማሽ ላይ አቋርጣ «ይቅርታ፣ ማነው የሽንት ቤቱን ቧንቧ ከፍቶት የመጣው?» ብላለች ይባላል። እሷ ትክዳለች። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ግን ይምላል።

ሙያውን ያስተማራት አጎቷ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የሠራችው የአንድ ባለ ፎቅ ሽማግሌ ቤት ነበር። ሰውዬው ከዘራውን ተደግፎ ሲያያት ውሎ፣ ሥራው ሲያልቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሴት የነካካችውን ቧንቧ ማን ይጠጣል? መርዝ ቢሆንስ?»

እትዬ ጠብታ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። አፍ አፉን ልትለው ትችል ነበር፤ ምላሷን እናውቀዋለን። እሷ ግን ምሳ ስትበላ ውሃ የምትጠጣበትን ኩባያ ከመሣሪያ ሳጥኗ አወጣች። አንድ ጠጣች። ሁለት ጠጣች። ሦስተኛውን ሞልታ ለሱ አቀበለችው።

«ከሞትን አብረን ነው አባባ።»

ሽማግሌው ሳቀና ጠጣ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ኖረ፤ በየደረሰበት «እሷን ያገኘኋት እኔ ነኝ» እያለ ሲጎርር ነበር። እሷም ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ያልጠጣችበትን ቧንቧ ሠርቻለሁ ብላ አታውቅም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስፒል ነክሶ ስለሚውል ሰው ሁሉ ዝምተኛ፣ ጨዋ ይለዋል። ስፒሉን ከአፉ ሲያወጣ ግን እትዬ ጠብታ ራሷ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ የሚያወጣው ለቁም ነገር ብቻ ነዋ።

እንግዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ ረጅም ግራጫ ግንብ ያለው ግቢ አለ። በሩ ላይ «የኢሚግሬሽን ማቆያ ማዕከል» ይላል። ሰፈሩ «ማቆያው» ነው የሚለው። ማቆያ ሲሉት የአውቶቡስ መጠበቂያ ይመስላል፤ ሰው አረፍ ብሎ የሚሄድበት። ውስጥ ያሉት ከሌላ አገር መጥተው ወረቀታቸው ያለፈባቸው፣ ወይም ከነጭራሹ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ሰረቁ ያላቸው የለም፤ ገደሉ ያላቸው የለም። ዳኛ ፊትም አልቆሙም። ብቻ ተቀምጠዋል።

የማቆያው ኃላፊ አቶ ይቻላል ነው። ይሄም የወጣለት ስም ነው፤ ምን ብትጠይቀው «እህም! ይቻላል፣ ይቻላል» ነው መልሱ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «አይቻልም!» እንደምትለው ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ይሄ ሰው አንድ ሰኞ እትዬ ጠብታን አስጠራት።

«እህም! እትዬ፣ ስምሽ ገናና ነው። ሐሙስ እንግዶች ይመጡብናል፤ የሰብዓዊ መብት መርማሪዎች። በዓመት አንዴ ነው የሚመጡት። የፊተኛው ክፍል ሽንት ቤት እንደ መስታወት እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ።»

«እንደ መስታወት ይሆናል ጌታዬ።»

«ካማረልኝ ደግሞ ቋሚ አደርግሻለሁ። ባጅ ይኖርሻል። ፎቶሽ ያለበት። የጥገና ባለሙያ የሚል።»

እዚህ ላይ እትዬ ጠብታ ልቧ ደንገጥ አለ። ምክንያቱም ይሄ ሁሉ ሙያ እያላት አንድ ወረቀት የላትም። ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣችው። ላስቲክ የሚሉት ሌላው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሁሉን ነገር በላስቲክ ጠፍሮ የሚሄደው፣ እሱ እንኳ ግድግዳው ላይ በመስታወት የሰቀለው ሰርተፍኬት አለው። ባጅ! አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በላስቲክ ሱቅ ፊት ቀስ ብላ ስታልፍ ታያት።

ሰኞን ሙሉ ፊተኛውን ክፍል ሠራች። አሮጌውን ፓይፕ አወጣች፣ ጎማውን ሁሉ ቀየረች፣ ውሃ እንዳያንጠባጥብ ቴፍሎኑን ጠምጥማ ጠምጥማ አጠበቀች። ሲያልቅ ጠጣችበት። እውነትም እንደ መስታወት ነበር።

ማክሰኞ አቶ ይቻላል አራት የሚያብረቀርቁ አዳዲስ ቧንቧዎች በካርቶን ይዞ ወደ ኋለኛው ክፍል ወሰዳት። ጠባቂው ሦስት ቁልፍ ፈታ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ይቺ ሴት የስንቱን ጉድጓድ ስትከፍት የኖረች ናት፤ ሽታ አያስደነግጣትም። ይሄ ግን የጉድጓድ ሽታ አልነበረም። ያልታጠበ የሰው ገላ ነው፤ የብዙ ሰው። መስኮቱ ከውጭ በነጭ ቀለም ተቀብቷል። ፍራሽ ከፍራሽ ተጋጥሞ እግር ማስቀመጫ የለም። አርባ የሚሆኑ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ያሳከካቸውን ክንዳቸውን ይፎክታሉ። አብዛኞቹ ፀጉራቸው እስከ ቆዳቸው ተቆርጧል።

«ግድግዳው ላይ ግጠሚልኝ» አለ አቶ ይቻላል።

«ከምን ጋር ነው የማገናኛቸው? እዚህ ፓይፕ የለም እኮ።»

«ፓይፑ ነገ ጠዋት ይመጣል። አንቺ ለጊዜው ግጠሚ። እህም! ይቻላል።»

እሷም ፓይፑ ይመጣል ብላ ገጠመች። በቡሎን አሰረቻቸው፣ አራቱን በአንድ መስመር፣ በውሃ ልክ ለክታ። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቷ ሠርታ አታውቅም፤ ከፊቱ ቧንቧ፣ ከኋላው ግድግዳ። እየሠራች ሳለ ከጀርባዋ አንዲት ረጅም ሴት መጥታ ቆመች። የሷም ጭንቅላት ተላጭቷል።

«እህቴ፣ ይሄ ምንድነው? ጌጥ ነው?» አለች ሴትዮዋ። ቋንቋውን ሰበር ታደርገዋለች፤ ቀልዷ ግን ሰበር አላለም።

«ቧንቧ ነዋ። ነገ ፓይፑ ሲመጣ ውሃ ይወርዳል።»

«ነገ!» ብላ ሴትዮዋ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሰማችሁ? ነገ አሉ።» አርባ ሴት ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ደስ አይልም።

ሴትዮዋ ባገሯ ፀጉር ሠሪ ናት። ሃያ ዓመት ሙሽራ ስታሳምር የኖረች። እዚህ ከገባች አሥራ አንድ ወሯ ነው። ለአርባ ሰው በቀን ሁለት ጀሪካን ይገባላቸዋል፤ እሱን በፕላስቲክ ጠርሙስ ቁራጭ እየለካች የምታድለው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ካደለው ጠብ ይነሳል። ገላ መታጠብ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። ሽንት ቤቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ባልዲ ነው። ሐኪም ስትጠይቅ «ይቻላል» ተብላለች፤ እሱን ከጠየቀች አምስት ወር አለፈ።

«ቅማል ሲመጣ ከአንዲት ጠባቂ መቀስ ለመንኩ» አለች። «የሁሉንም ቆረጥኩ። በመጨረሻ የራሴን። ስንት ሙሽራ በዚህ እጄ ወጥታለች እህቴ። ይቺን ልጅ አየሻት? እዚህ ድረስ ነበር ፀጉሯ።» እጇን ከወገቧ በታች አደረገች።

እትዬ ጠብታ መፍቻዋን ይዛ ቆመች።

«ሐሙስ ሰዎች ይመጣሉ» አለች።

«አምናም መጥተው ነበር አሉ። ከበሩ አይተው ሄዱ። በዓመት አንዴ ነው። ዘንድሮም ቧንቧውን ከበሩ ያዩታል፣ ሲያብረቀርቅ ‹ጥሩ ነው› ይላሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ ደግሞ እስከ ከርሞ ከጌጡ ጋር።»

እትዬ ጠብታ ያን ቀን ኩባያዋን ሳትፈታ ከግቢው ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ሄደች። ፓይፕ የለም። እስከ ምሳ ጠበቀች። ፓይፕ የለም። አቶ ይቻላል ወረቀትና ባጅ ይዞ መጣ። ባጁ ላይ ፎቶዋ አለ፤ ያውም ጥሩ የወጣችበት። ወረቀቱ «በማዕከሉ ፊተኛና ኋለኛ ክፍሎች የውሃ መስመር ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ አገልግሎት ይሰጣል» ይላል፤ ከታች የፊርማ ቦታ።

«ፓይፑስ?»

«ይመጣል አልኩሽ። ከእንግዶቹ በኋላ።»

«እንግዲያው ከጠጣሁበት በኋላ ልፈርም።»

«ኧረ ነገ ትጠጫለሽ፣ ትፈርሚያለሽ፣ ይቻላል! ነገ አንቺንም ለእንግዶቹ ላስተዋውቅሽ ነው። ሴት ባለሙያ! ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ንጹሕ ልብስ ልበሺ። ብቻ እባክሽን ያቺን ቆርቆሮ ወገብሽ ላይ አታንጠልጥይ፤ ለግቢያችን አይመጥንም።» ባጁን አንገቷ ላይ አጠለቀላት።

ቀጥታ የባሏ ሱቅ ሄደች። በላስቲክ ሱቅ በር ቀስ ብላ ማለፉን ረስታዋለች፤ ያን ያህል ተናዳለች።

«ግጠሚ አለኝ፣ ገጠምኩ» አለች። «እኔ ምን አጠፋሁ? ፓይፕ ማምጣት የሱ ሥራ ነው። እኔ ባልገጥም ላስቲክን ጠርቶ ያስገጥም ነበር። አይደለም እንዴ? ለምንድነው ዝም የምትለኝ?»

ባሏ የስፌት መኪናውን አቆመ። ስፒሎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ከአፉ አወጣ። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጠጣሽበት?»

«አልጠጣሁም።»

«እንግዲያ አልሠራሽውማ።»

በቃ፣ ይሄ ነው የተናገረው። ስፒሎቹን መልሶ ነከሰ። እሷ ባጁን ይዛ ፎቶዋን ስታይ ቆየች። በኋላ «ነገ የምለብሰው ቱታ ላይ ኪስ ሥራልኝ፣ በውስጥ በኩል» አለችው። ሰማያዊዋን ኩባያ ተቀብሎ ወርዷን በሜትር ለካ።

ሐሙስ ሦስት መርማሪዎች መጡ። አለቃቸው ወፍራም መነጽር ያደረጉ አሮጊት ናቸው፤ ጉንፋን ይዟቸው በየደቂቃው ይናፈጣሉ፣ ቀስ ብለው ይጽፋሉ። አቶ ይቻላል ከፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመደ ያስጎበኛል። «እህም! ንጽሕና ለኛ... እህም! ይሄ ግድግዳ ዘንድሮ ነው የተቀባው...»

ፊተኛው ክፍል ደረሱ። እትዬ ጠብታ ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃው እንደ ወንዝ ወረደ። ከቱታዋ ውስጥ ኩባያዋን ስታወጣ የአቶ ይቻላል ፊት ከሰል መሰለ፤ አሮጊቷ ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ምንድነው እሱ?» አሉ።

«ልማዴ ነው እናቴ። የሠራሁትን እጠጣለሁ። ካልጠጣሁበት አልተሠራም።» ጭልጥ አደረገችው።

አሮጊቷ ፈገግ ብለው ጻፉ። እንግዶቹ መደሰታቸውን ሲያይ አቶ ይቻላልም ነቃ አለ፤ ልማዱ የራሱ ይመስል ያወራው ጀመር። «አዎ! አዎ! ይቺ ሴት በከተማው የታወቀች ናት። ያልጠጣችበት ቧንቧ እኛ ግቢ አይገባም! መመሪያችን ነው ማለት ይቻላል!»

«በጣም ጥሩ መመሪያ ነው» አሉ አሮጊቷ፣ እሱንም ጻፉት።

ከዚያ ኋለኛው ክፍል። ጠባቂው ሦስቱን ቁልፍ ፈታ። አቶ ይቻላል በሩን ገርበብ አድርጎ በትከሻው ዘጋው። «እዚህም ያው ነው፤ ይኸው እንደምታዩት አራት አዳዲስ ቧንቧ።» ከወዲያ ግድግዳ ላይ አራቱ አብረቀረቁ። አንዱ መርማሪ «ጥሩ ነው» አለ። እትዬ ጠብታ ይቺን ቃል ስትሰማ ፀጉር ሠሪዋን ፈለገቻት። ጥግ ላይ ቆማለች፤ ቧንቧውንም እንግዶቹንም አታይም፤ እትዬ ጠብታን ነው የምታየው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ያሳልፉኝ።»

«ወዴት?»

«አልጠጣሁም እኮ።»

በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። በፍራሾቹ መሃል እግሯን እየመረጠች ሄዳ አንደኛውን ቧንቧ ከፈተች። ኩባያዋን ከሥሩ ያዘች። ምንም። ጠበቀች። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ያዘች፣ ጠበቀች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አሮጊቷም ገብተው ከኋላዋ ደርሰዋል። አራተኛውን ከፈተች። ባዶዋን ኩባያ ዘቅዝቃ አሳየቻቸው።

«ምናልባት... እህም... የግፊት ችግር...» አለ አቶ ይቻላል።

እትዬ ጠብታ መፍቻዋን አወጣች። ሁለቱን ቡሎን ፈትታ ቧንቧውን ከግድግዳው ላይ እንደ ኮፍያ አነሳችው። ከኋላው የተለሰነ ግድግዳ፣ ደረቅ።

«ግፊቱ እዚህ ጋ ነው እንግዲህ» አለች። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እናቴ፣ እነዚህን የገጠምኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አይደለም። ፓይፕ ይመጣል ተብዬ ገጠምኩ፤ አልመጣም። ውሃ የላቸውም፤ አልጠጣሁባቸውም፤ ስለዚህ አልሠራኋቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት በሥራዬ አፍሬ አላውቅም፤ ዛሬም ማፈር አልፈልግም። ውሃቸው የትኛው እንደሆነ እሷን ጠይቋት።»

ፀጉር ሠሪዋ ጀሪካኑን ጎትታ መጣች። ከታች የቀረችው ሁለት ጣት አትሞላም። ከዚያችው ላይ በጠርሙሱ ቁራጭ ለካችና እትዬ ጠብታ ኩባያ ውስጥ ገለበጠችው።

«ለእንግዳ ነው» አለች። «እስከ ነገ ጠዋት የኛ ይሄው ነው።»

አሮጊቷ ኩባያዋ ውስጥ አዩ። ተናፈጡ። ጫማቸውን አወለቁና አንዱ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» አሉት አቶ ይቻላልን፤ «ይቻላል አይደል?» በሩ ተዘጋ። ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ማምሻው ከዚያ ፍራሽ አልተነሱም፤ አሥራ አንድ ወሩን፣ ባልዲውን፣ ያልመጣውን ሐኪም፣ የተቆረጠውን ፀጉር ሁሉ ቀስ እያሉ ጻፉት።

እትዬ ጠብታ ስትወጣ አቶ ይቻላል በር ላይ እጁን ዘረጋ። ባጁን አውልቃ ሰጠችው። ስትሰጠው ግን ፎቶዋን ላጠችና ኪሷ ከተተች፤ ጥሩ የወጣችበት ነው ብያለሁ።

ከዚያማ ሰፈሩ ሁለት ሆነ። «ጅል ናት፣ እንጀራዋን ረገጠች» ያለም አለ። በተለይ ላስቲክ፤ ላስቲክማ ሱቁ በር ላይ ቆሞ እሷን መስሎ ባዶ ኩባያ እያገላበጠ ሰው ሲያስቅ ሰነበተ። እሷ በበሩ ስታልፍ ከበፊቱ ይልቅ ቀስ ብላ ታልፍ ጀመር።

በስድስተኛው ሳምንት ላስቲክ ቤቷ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቀው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

«ምን ፈነዳብህ?»

«ኧረ አልፈነዳም! ማቆያው... ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ፓይፕ ዘርጋ ብለው ቀጠሩኝ፤ ዘረጋሁ። ከዋናው መስመር ድረስ። ውሃው ይወርዳል። ግን...» ኮፍያውን አዟዟረው። «ሴቶቹ አንነካም አሉ። ያቺ ረጅሟ ፊቴ ላይ ቆማ ‹እሷ ጠጥታበታለች?› አለችኝ። ሰርተፍኬቴን አሳየኋት። ‹ይሄ ወረቀት ነው፤ እኛ ወረቀት አናምንም› አለችኝ። ኃላፊውም ተቸገረ፤ አሮጊቷ ነገ ሊያዩት ይመጣሉ። ‹እሷን ጥራልኝ› አለኝ።»

«ማን? እሱ ራሱ?»

«‹ይቻል ይሆን?› ነው ያለው።»

ባሏ ከመኪናው ላይ ቀና አለ። ስፒሉን አላወጣም። ሳቁን ግን ስፒሉ አልያዘለትም።

በማግስቱ እትዬ ጠብታ ያለ ባጅ፣ ኩባያዋን ወገቧ ላይ አንጠልጥላ በዋናው በር ገባች። ጠባቂው ሦስቱን ቁልፍ ፈታ። የመስኮቱ ቀለም ተፍቋል። ሽታው ሁሉ አልጠፋም። ሴቶቹ ከአርባ ወደ ሃያ ሦስት ወርደዋል፤ ሌሎቹ ዳኛ ፊት ቀርበው ወጥተዋል። ፀጉር ሠሪዋ አልወጣችም፤ ቀጠሮዋ ገና ነው። ፀጉሯ ግን አንድ ጣት ያህል አድጓል፣ በጎን በኩል ሰንጥቃ አበጥራዋለች።

«ዘገየሽ» አለቻት።

«ይሄ ሰውዬ ቀርፋፋ ነዋ» አለች እትዬ ጠብታ ላስቲክን በአገጯ እያመለከተች።

አንደኛውን ቧንቧ ከፈተች። መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ሳለ፣ ከዚያ ወረደ። ኩባያዋን ሞላች። አሮጊቷ፣ አቶ ይቻላል፣ ጠባቂው፣ ሃያ ሦስቱ ሴቶች ጉሮሮዋን ያያሉ። ላስቲክ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ላብ በላብ ሆኗል። ጭልጥ አደረገችው። አፏን ጠረገች።

«ጎማው ጥሩ ነው» አለች። «ቴፍሎን ላይ ቆጥበሃል። ሦስተኛው ያንጠባጥባል፤ ከበሩ ነው የሰማሁት፤ ሳትሄድ አጥብቀው።»

ኩባያዋን እንደገና ሞላችና ለፀጉር ሠሪዋ አቀበለቻት።

«በሉ» አለች፣ «ከእንግዲህ የናንተ ነው።»